አብሮ ለመቅበር አብሮ መድረስ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በቀብር አስፈጻሚ ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን እንኳን ለዓመቱ ስብሰባችን በሰላም አደረሰን እንላለን። «በሰላም አደረሰን» የሚለውን ቃል ቀድሞ የምንለው ለበዓል ነበር። ዛሬ ግን ከቦሌ አራብሳ ወይም ከጀሞ ተነሥቶ ተክለ ሃይማኖት ለደረሰ ሰው ሁሉ የሚገባ ምርቃት ሆኗል።

እንግዲህ ዛሬ የተነሣነው ስለ መሐል ከተማው የመንገድ መጨናነቅ ልንናገር ነው። «የቀብር ኮሚቴ ስለ መኪና ምን አገባው? የእናንተ ሥራ ድንኳንና ንፍሮ አይደለም ወይ?» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም በበኩላችን እስከ ባለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያ ነበር የምናስበው። መንገድ የመንግሥት ነው፣ መኪና የባለቤቱ ነው፣ መጨናነቁም የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ነው ብለን ነበር። ሐሳባችንን ያስለወጡን በ2017 ዓ.ም. በእድራችን የደረሱ ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን አሁን እንነግራችኋለን፤ ሁለተኛውን ቆየት ብለን እናነሣዋለን።

በዚያ ዓመት በግንቦት ወር አንዲት እናታችን ዐረፉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልገንም፤ ጀበናቸው ከከሰል ወርዶ የማያውቅ፣ ደጃቸው ለአላፊ አግዳሚው ክፍት የነበረ ሴት ናቸው ብንል ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከእርሳቸው ጋር አጥር ለአጥር ሠላሳ ዓመት ያህል የኖሩ አንድ አንጋፋ አባል አሉን። እኒህ ሰው ቤታቸው በመልሶ ማልማት ሲፈርስ በኮንዶሚኒየም ዕጣ ቦሌ አራብሳ ደርሷቸው ሄደዋል። ሰፈሩን ለቀቁ እንጂ እድሩን አልለቀቁም። በየወሩ መዋጯቸውን ይዘው ሲመጡ ከሟቿ ቤት ቡና ሳይጠጡ አይመለሱም ነበር።

መርዶው በስልክ ደረሳቸው። ቀብሩ ለአምስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ እርሳቸው ጠዋት በሦስት ሰዓት ከቤታቸው ወጡ። ሁለት ሰዓት ተኩል እኮ ለአንድ ከተማ ሰው ይበቃል! ታክሲ ለመያዝ ተሰለፉ። መገናኛ ሲደርሱ መንገዱ ቆሟል። ታክሲ ለውጠው ሜክሲኮ ሲደርሱ እንደገና ቆመ። በመጨረሻ ወርደው በእግራቸው ወደ ሰፈር መጡ፤ ድንኳኑ ባዶ ነው። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ሲደርሱ አፈሩ ተመልሶ ለቀስተኛው እየወረደ ነበር። ብቻቸውን ሄደው መቃብሩ አጠገብ ቆሙ። ስም ተጠርቶ ካለቀ አርባ ደቂቃ ሆኖት ነበርና በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት «ቀሪ» ተብለው ተቀጡ።

በቀጣዩ ወር ስብሰባ ቅጣታቸውን አንድ ቃል ሳይናገሩ ከፈሉ። ከዚያ በኋላ የአባልነት ደብተራቸውን ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ ላይ አኑረው እንዲህ አሉ፦ «ሰፈሬን የለቀቅሁት ወድጄ አይደለም። አሁን እድሬንም የምለቀው ወድጄ አይደለም። ግን በእግሬ እንዳልመጣ ሩቅ ነው፣ በመኪና እንዳልመጣ መንገዱ አያስመጣም። ለጎረቤቴ አንዲት ጭብጥ አፈር ሳልመልስ የምቀጣ ከሆነ ምኑን እድርተኛ ሆንኩት?»

እኛ ደብተሩን አልተቀበልናቸውም። «እስከ ጠቅላላ ስብሰባው ይታገሡን» ብለን ለመንናቸው። ይህ ንግግር እንግዲህ የዚያ ልመና ዕዳ ነው።

ታዲያ ይህ መጨናነቅ ከየት መጣ? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ለበቅሎና ለእግረኛ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በቤተ መንግሥቱና በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ሰፈሮች በየጉብታው ላይ ሰፈሩ፤ ከሰፈር ወደ ሰፈር የሚወስደው መንገድም እግር እያስፋፋው የሄደ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ የመጣው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጅቡቲው ባቡር ለገሃር የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ትልቁ ገበያ በጊዮርጊስ አጠገብ በአራዳ ነበረ፤ በጣልያን ወረራ ጊዜ ነው ዛሬ ወዳለበት ወደ መርካቶ የተወሰደው። አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ ዓመተ ምሕረት በጥቂት መኪና ሥራ ሲጀምር ከእኛ ወላጆች ብዙዎቹ በእግራቸው የሚሄዱ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ በዛ። በ1976 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አዲስ አበባ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። በ1987ቱ ቆጠራ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ አለፈች። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ 2 ሚሊዮን 739 ሺህ ሆነች። በ23 ዓመት ውስጥ እጥፍ ለመሆን ጥቂት ቀራት ማለት ነው። ከዚያም በኋላ ስንት እንደጨመረ ለመገመት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ሄዶ መቆም ይበቃል።

የሰው መብዛት ብቻውን ግን መንገድ አይዘጋም። መንገድን የሚዘጋው ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ ሲሄድ ነው። የከተማችን መንገዶች እንደ ጋሪ እግር ዘንጎች ናቸው፤ የጎጃሙ፣ የአምቦው፣ የጅማው፣ የቢሾፍቱው፣ የደብረ ብርሃኑ ሁሉ ወደ መሐል ነው የሚመጡት። በ1990ዎቹ የተሠራው ቀለበት መንገድ ዳር ዳሩን ለሚሄደው መኪና መተላለፊያ ሰጠ፤ ወደ መሐል የሚጎርፈውን ግን አላስቀረውም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ እየተሠሩ ብዙ ሰው ወደ ዳር ወጣ። ልደታና ሰንጋ ተራ በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ ከዚህ እድር ስንት ሰው እንደሄደ መዝገባችን ይመሰክራል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ካዛንቺስ ሲደርስም ብዙ የሌላ እድር ወገኖቻችን እንደዚሁ ሰፈራቸውን ለቀዋል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሰው ወደ ዳር ሄደ፤ ሥራው፣ ገበያው፣ ሐኪም ቤቱ፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ ግን መሐል ቀሩ። እድሩም መሐል ቀረ። ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው በየማለዳው የለቀቀውን ሰፈር ፍለጋ ይመለሳል። ቀድሞ በእግር አምስት ደቂቃ የነበረው ለቅሶ ዛሬ ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል።

«ታዲያ መንገዱን ማስፋት ነዋ!» የሚል ይኖራል። መንገድ መስፋቱ መልካም ነው፤ በተለይም የእግረኛው መንገድ መስፋቱ ትልቅ ነገር ነው። የከተማችን ሰው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነውና። ነገር ግን ለመኪና የሰፋ መንገድ መኪና ይጠራል። ትናንት መጨናነቁን ፈርቶ መኪናውን ያቆመው ሰው ዛሬ «ተስፍቷል» ሲባል አስነሥቶ ይወጣል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የሰፋው መንገድ እንደ ጠባቡ ይሞላል። ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ሲንጋፖር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975፣ ለንደን በ2003 ወደ መሐል ከተማ የሚገባውን መኪና ገንዘብ ማስከፈል የጀመሩት መንገድ በማስፋት ብቻ እንደማይወጡት አይተው ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አገራችን በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ነው። ለአየሩ ጥሩ ነው፤ ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ቦታ በመያዝ በኩል ግን የኤሌክትሪኩም መኪና ያው መኪና ነው። ጭስ የሌለው መጨናነቅም መጨናነቅ ነው።

ባቡሩንም ሳናነሣ አናልፍም። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። አንደኛው መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ ነው። ሁለቱም በሜክሲኮና በልደታ ያልፋሉ። ከልደታ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ በእግር የሚደረስ ነው። ባቡሩ መሐል መንገዱን አጥሮ በመሄዱ መኪናውም እግረኛውም ማቋረጫ ፍለጋ እንዲዞር አድርጓል፤ በተከታዮቹ ዓመታትም በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ቆመው መጋፋቱን ሁላችንም ቀምሰነዋል። ቢሆንም ባቡር በመኪና መሐል አይቆምም። ይህንን ለኋላ ያዙልን።

እስካሁን ስለ ከተማው ተናገርን። አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አባቶች «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይሉ የለ? እኛም ስለ ሌላው መኪና ስናማርር የራሳችንን ሳንቆጥር ኖረናል።

በዚያችው እናታችን ቀብር ዕለት ከኮሚቴው አንዱ ድንኳን በር ላይ ቆሞ መኪናዎቹን ቆጠረ፤ 31 ነበሩ። በአብዛኞቹ ውስጥ ሁለት ሰው፣ በአንዳንዶቹ ውስጥም ሹፌሩ ብቻ ነበረ። ሁሉም ተደምሮ ከ70 ሰው አይበልጥም። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ መኪና ከፊቱ ካለው ጋር ከሚተወው ክፍተት ጋር ሲቆም 7 ሜትር ያህል መንገድ ይይዛል እንበል። 31 መኪና ሲሰለፍ 217 ሜትር ነው። ይኸው 70 ሰው በሁለት አውቶቡስ ቢሳፈር ከ30 ሜትር አይበልጥም።

በዚህ አያበቃም። መብራት ላይ የቆመ ሰልፍ አረንጓዴ ሲበራ መኪናዎቹ በሁለት በሁለት ሰከንድ ልዩነት ነው የሚያልፉት። መብራቱ ለ30 ሰከንድ ቢበራ 15 ያህል መኪና ያልፋል፤ የቀሩት 16 ይቆማሉ። ለዚህ ነው የቀብር ሰልፋችን ሁልጊዜ መብራት ላይ ለሁለት የሚቆረጠው። ያለፉት ቆመው የቀሩትን ይጠብቃሉ፤ ሲጠብቁ ደግሞ ሌላውን መንገደኛ ያግዳሉ። የቀሩት ለመድረስ ሲሉ ቀይ መብራት ይጥሳሉ። አስክሬኑን የጫነው መኪና ጴጥሮስ ወጳውሎስ ደርሶ ግማሻችን ገና አውቶብስ ተራ ነን። ሁለት አውቶቡስ ቢሆን ግን በአንድ መብራት ተያይዘው ያልፋሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እኛ ዘንድ ተገልብጦ እያንዳንዱ የራሱን ሃምሳ ሎሚ ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

አሁን ሁለተኛውን ነገር እንናገር። ይህንን ስንናገር እናፍራለን፤ ቢሆንም መናገር አለብን።

በዚያው በ2017 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሌላ ለቅሶ ነበረን። ድንኳናችንን እንደ ልማዳችን መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግተን ተከልን። ለቀስተኛውም መኪናውን በሁለቱም ጫፍ ደርቦ ደርቦ አቆመ። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ከድንኳኑ በስተኋላ ባለ ግቢ አንዲት ወጣት ምጥ ያዛት። እድርተኛ አይደለችም፤ ተከራይ ናት። አምቡላንስ ተጠራ፤ መጣም። ግን ከመኪናዎቹ ጀርባ ቆሞ መብራቱን ከማብለጭለጭ በስተቀር የሚያደርገው ነገር አልነበረም። የመኪኖቹ ባለቤቶች አንዱ ካርታ ይጫወታል፣ አንዱ ለመተኛት ዘመድ ቤት ሄዷል፣ አንዱ ቁልፉን ለማን እንደሰጠ ረስቷል።

ልጆቹ ተሯሩጠው ከእቃ ቤት ቃሬዛ አመጡ። በዚያን ጊዜ አንዲት እናት ተነሥተው «ወግዱ! በሬሳ ቃሬዛ ነፍስ ያለው አይወጣም፤ ነፍስ ልታመጣ የምትሄድን ልጅ በዚህ አትሸከሟትም!» ብለው ጮኹ። ቃሬዛው ተመለሰ። ከድንኳኑ ወንበር አንሥተው፣ ጋቢ አንጥፈው፣ አራት ጎረምሶች ወንበሩን ተሸክመው በለቀስተኛው መሐል አሳለፏት። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ባይሆኑስ ኖሮ? አንድ ሞት ለማክበር ብለን ሁለት ሞት ልንጨምር ምን ያህል ቀርቶን ነበር? ማንን ልንከስ ነበር? የመንገዶችን መሥሪያ ቤት? ትራፊኩን? መንገዱን የዘጋነው እኛ ነን።

ስለዚህ ነው መጨናነቁ የእኛም ጉዳይ ነው ያልነው። ሌላውን ማስተካከል በእጃችን አይደለም። መብራት አንተክልም፣ ባቡር አንገዛም። በእጃችን ያለው ድንኳናችን፣ ሰልፋችን፣ ሰዓታችንና ደንባችን ነው። ኮሚቴው አራት ነገር ያቀርባል።

አንደኛ፣ ስለ ድንኳን። ትልቁ ድንኳን ሙሉ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ አይተከል። በፈንታው ሁለቱ ትንንሾች በመንገዱ አንድ ወገን በርዝመት ተከታትለው ይተከሉና ለአንድ አምቡላንስ የሚሆን ቢያንስ የአራት ሜትር መተላለፊያ ይቀር። መንገዱ ለዚህ የማይበቃ ጠባብ ከሆነ በአንድ ወገን ያለው ሸራ በፍጥነት የሚነሣ ሆኖ ይታሰር፤ በሁለቱም ጫፍ ሌት ተቀን ተረኛ ወጣት ይቁም። በድንኳን አጠገብ መኪና የሚያቆም ሰው ስልክ ቁጥሩን መስተዋቱ ላይ ጽፎ ይተው። ደርቦ ማቆም ግን በእድራችን ለቅሶ ላይ ይቅር።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰልፍ። ለእያንዳንዱ ቀብር እድሩ ሁለት አውቶቡስ ይከራይ። ከሟች የቅርብ ቤተሰብ፣ ከአቅመ ደካሞችና ከሕሙማን በስተቀር ሁላችንም በአውቶቡስ እንሂድ። ለኪራዩ በየወሩ መዋጮ ላይ 10 ብር እንዲጨመር እንጠይቃለን። ባለ መኪናው ለነዳጅ ከሚያወጣው ጋር ሲተያይ ይህ ሸክም አይደለም፤ መኪና ለሌለው ደግሞ «ማን ያሳፍረኝ ይሆን?» እያለ ከደጅ ከመቆም ያድነዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሰዓት። ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት፣ ማታም ከአሥር እስከ አንድ ሰዓት ከተማው የሚንቀሳቀስበት ጊዜ ነው። ከቤተሰቡና ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር እየተነጋገርን ከሰፈር መነሣታችን ከአራት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ይሁን። የሙስሊም አባሎቻችን ቀብር ግን አይጠብቅም፤ ሃይማኖቱም ፍጠኑ ነው የሚለው። ስለዚህ ቅርብ ያለነው ወዲያው እንነሣ፤ ሩቅ ያሉት በሰፈር በኩል ሳይዞሩ በቀጥታ ኮልፌ ይምጡ።

አራተኛ፣ ስለ ስም ጥሪና ቅጣት። ይህ ደንብ የተጻፈው ሁላችንም የጥሩምባ ድምፅ በሚሰማበት ስንኖር ነው። ለፋፊው በንጋት ሲነፋ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። ዛሬ ያ ጥሩምባ በመኪና ጡሩምባ ተውጧል፤ ግማሻችንም መርዶ የምንሰማው በስልክ ነው። ደንቡ ግን አሁንም ሁሉም በጥሩምባ የሚነቃ ይመስለዋል። ስለዚህ ስም በሁለት ቦታ ይጠራ፤ በድንኳን ለሚነሡትና በመቃብር ቦታው በር ለሚመጡት። ከዳር ሰፈር ያሉ አባላት በአያትና በቃሊቲ መስመር ባቡሩ እየሠራ ባገኙት ጊዜ በእርሱ ይምጡ፤ ቀደም ብለን ባቡሩን ያዙልን ያልነው ለዚህ ነው። ቀብሩ ያመለጠው አባል ደግሞ በሰልስቱ ወይም በማታው መቀመጥ ተገኝቶ ከፈረመ ቀሪ አይባል። ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል በመንገድ ላይ የቆየ ሰው አልቀረም፤ መንገድ አስቀረው እንጂ።

ይህንን በኮሚቴ ስንወያይ ያልተስማሙ ነበሩ፤ ሐሳባቸውን ሳንደብቅ እናቅርብ። አንድ የምናከብራቸው አባታችን «የመኪና ሰልፍ ለሟች ክብር ነው፤ እኔን በሁለት አውቶቡስ ሸኙኝ ቢባል ሰው ምን ይላል? ድንኳንም ቢሆን መሐል መንገድ ላይ ካልታየ ለቅሶ አይመስልም» አሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ክብር የሚታይ ነገር ይፈልጋል። አባቶቻችን በዚህ ሰፈር ሬሳ በትከሻ እየተቀባበሉ ቤተ ክርስቲያን ያደርሱ ነበር። የዚያ ሰልፍ ግርማ ከሰዉ ጥግግት ነበር። አንዲት እናታችንም የመለሱላቸው ይህንኑ ነው፦ «ጋሼ፣ እርስዎን የሚያኮራዎ አፈር የሚመልስልዎ ሰው ብዛት ነው እንጂ መብራት ላይ የቀረ መኪና ምን ይፈይድልዎታል?» አባታችን ፈገግ ብለው ዝም አሉ። ተስማሙ ለማለት ባንደፍርም ዛሬ እጃቸውን ሲያወጡ እናያለን።

ሌላው ተቃውሞ «የእኛ 31 መኪና ቢቀር ከተማው ምን ይለወጣል?» የሚል ነው። ከተማው ላይለወጥ ይችላል። ግን በዚህ ከተማ እድር የሌለው ሰፈር የለም፤ በየቀኑም ቀብር አለ። እያንዳንዱ እድር እንደኛ ሠላሳ መኪና እየጎተተ መሐል መንገድ ላይ ይወጣል። እያንዳንዱም ሌላውን ይረግማል። አንዱ እድር ቢጀምረው ሌላው አይቶ ይከተላል፤ የድንኳን ኪራይ፣ የሣህንና የብረት ድስት አገዛዝ ሁሉ ከእድር ወደ እድር የተላለፈው እንዲሁ ነው። ሌላው ባይከተለን እንኳ እኛ አብረን እንደርሳለን። አምቡላንስም በደጃችን ያልፋል። ይህ ብቻውን ይበቃናል።

የተከበራችሁ አባላት፤

እድር ማለት ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ባንክም አለ፣ መድንም አለ። እድር ማለት ሰው በሞተ ጊዜ ደጁ ላይ ሰው መገኘቱ ነው። ሰፈራችን ሊፈርስ ይችላል፤ ግማሹ ፈርሷል። ቤታችን ሊርቅ ይችላል፤ ርቋል። መንገዱ መገኘታችንን ከወሰደብን ግን የሚቀረን መዝገብና ብረት ድስት ነው። እነዚያ አባታችን ደብተራቸውን ጠረጴዛ ላይ ሲያኖሩ የነገሩን ይህንኑ ነበር።

እርሳቸው ዛሬ እዚህ አሉ። ዛሬ ከለሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ከሁላችንም ቀድመው ደርሰዋል፤ አዳራሹን የከፈተው ዘበኛ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነው ያገኛቸው። ስለዚህ ኮሚቴው አራቱን ሐሳቦች ለድምፅ ከማቅረቡ በፊት አንድ ጥያቄ ያስቀድማል፦ የግንቦቱ ቅጣታቸው ይመለስላቸው፣ ከቀሪዎች መዝገብም ስማቸው ይሰረዝ። ደብተራቸው እነሆ በእጃችን ነው። በዚህ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።

እግዚአብሔር ለሞቱት ዕረፍትን፣ ለቀረነው ጤናንና መደራረስን ይስጠን። አሜን።